ወድቀው አንገታቸውን ያመማቸው አዛውንት፦ የላይኛው አንገት ስብራት እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይታከማል?

አዛውንት አንገታቸው እንዲሰበር ከፎቅ መውደቅ ወይም የመኪና አደጋ አያስፈልግም። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ምንጣፍ ጠልፏቸው በግንባራቸው ቢደፉ ይበቃል። ብዙዎቹ ተነስተው ይቀመጣሉ። ያወራሉ። «ደህና ነኝ፣ አንገቴን ብቻ ያዝ አድርጎኛል» ይላሉ። ቤተሰቡ ግንባራቸው ላይ ያበጠውን ያያል፣ ቁስሉን ያጥባል፣ ያስተኛቸዋል። እንዲህ ታልፎ ስብራቱ ከሳምንታት በኋላ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ እናቱ ወይም አባቱ የወደቁበት ልጅ ነው። ሌላው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተረኛ የሆነ ጀማሪ ሐኪም ወይም ነርስ ነው። ለሁለቱም የምለው ይኸው ነው፦ ዕድሜያቸው 65 የሞላ አዛውንት ወድቀው አንገታቸውን ካመማቸው፣ ሲቲ ስካን ነፃ እስኪያደርጋቸው ድረስ ተሰብሯል ብላችሁ ያዙ። ስብራቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ትልቁ ጠላታቸው አልጋ ነው።

የሚሰበረው የቱ ነው?

የአንገት አከርካሪ ሰባት አጥንቶች አሉት። የላይኛዎቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ይለያሉ። የመጀመሪያው አትላስ የሚባል ቀለበት ነው፤ የራስ ቅላችን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሁለተኛው አክሲስ ይባላል። ከአክሲስ ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል አጥንት ሽቅብ ወጥታ በአትላስ ቀለበት ውስጥ ትቆማለች። ኦዶንቶይድ የምትባለው እሷ ናት። ጭንቅላታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስናዞር ከዙሩ ግማሽ ያህሉን የምናገኘው እዚህ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ወዲያው ከኋላዋ ህብለ ሰረሰር ያልፋል።

ዕድሜ ሲገፋ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። አጥንት ይሳሳል። የታችኛው የአንገት ክፍል ደግሞ ከእርጅና ብዛት ይደርቅና መታጠፍ ያቆማል። ስለዚህ አዛውንቱ በግንባራቸው ሲወድቁ ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ ጉልበቱ በሙሉ አሁንም በሚንቀሳቀሰው በላይኛው ክፍል ላይ ያርፋል። ኦዶንቶይድ ከሥሯ ትቀነጠሳለች። ከ70 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ከአንገት ስብራት ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

ደግነቱ በዚህ ከፍታ ላይ የህብለ ሰረሰር ቦይ ሰፊ ነው። አብዛኞቹ አዛውንት እጅና እግራቸው እየሠራ የሚመጡት ለዚህ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሰው እየተራመደ ሲገባ አንገቱ ተሰብሯል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

እቤት ውስጥ፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ወድቀው መሬት ላይ ካሉ አፈፍ አድርጋችሁ አታንሷቸው። በመጀመሪያ አናግሯቸው። ይመልሳሉ? ይተነፍሳሉ? እጃቸውንና እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ? አንድ ሰው ከራስጌያቸው ተንበርክኮ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይያዝ። መያዝ ብቻ ነው፤ መሳብም ማቃናትም የለም። ሌላው ሰው አምቡላንስ ይጥራ። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

ጀርባቸው የጎበጠ አዛውንት ላይ ጥንቃቄው ይበረታል። ወጣት እንደምታስተኙት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በጀርባቸው ብታስተኟቸው ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ይንጠለጠላል፤ የተሰበረው ይከፈታል። ከመውደቃቸው በፊት አንገታቸው እንዴት እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያንኑ አቀማመጥ ጠብቁላቸው። ከጭንቅላታቸው ሥር የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ክፍተቱን እስኪሞላ ድረስ አድርጉ። ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ፎጣ አስደግፉ። ካስመለሳቸው መላ አካላቸውን በአንድ ጊዜ፣ ጭንቅላታቸውን ከትከሻቸው ጋር እኩል እያዞራችሁ ወደ ጎን አድርጓቸው። ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ምግብም ውኃም ይቅር።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም። ወጌሻ በየሰፈሩ የሚከበር ሰው ነው፤ ብዙ ቤተሰብም በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ወድቆ የታመመ አንገት ግን አይታሽም፣ አይጎተትም፣ አይሰበቅም። የተቀነጠሰች ኦዶንቶይድ ባለችበት አንገት ላይ አንድ ጠንከር ያለ መጠምዘዝ እየተራመዱ የመጡትን ሰው ሽባ ሊያደርግ፣ ትንፋሻቸውንም ሊያቆም ይችላል። ማሳጅም፣ በቅቤ ማሸትም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ፎቶው ይታይ።

ድንገተኛ ክፍል፦ መጠየቅና መዳሰስ

አዛውንቶቻችን ሕመም ይደብቃሉ። «እንዴት ነዎት?» ስትሏቸው «ተመስገን» ይሏችኋል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ የተለየ ይሁን። «ትራስ ላይ ሲያርፉ ያምዎታል?» «ሕመሙ ወደ ማጅራትዎና ወደ ጭንቅላትዎ ኋላ ይወጣል?» «ከአልጋ ሲነሱ ጭንቅላትዎን በእጅዎ ይደግፋሉ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። ከተኙበት ለመነሳት ሲሞክሩ ጭንቅላታቸውን በሁለት መዳፋቸው እንደሚሰበር ዕቃ ደግፈው የሚነሱ ሰው የላይኛው አንገታቸው እንደላላ እየነገሯችሁ ነው። ይህን ካያችሁ ባሉበት አቁሟቸው፤ አንገታቸውን ደግፉ።

ከዚያ ዳስሱ። አንድ ጣታችሁን ከራስ ቅላቸው ሥር መሃል ለመሃል አሳርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ፊታቸውን እያያችሁ ይሁን፤ «አላመመኝም» እያሉ ቅንድባቸው ይጨማደዳል። ግንባርና አገጭ ላይ መላላጥ ወይም መበለዝ ካለ ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ እንደተቀለበሰ ምስክር ነው። «እስቲ አንገትዎን ያዙሩ» ብላችሁ አትፈትኑ።

የአራቱንም እጅና እግር ጉልበት፣ የቆዳ ስሜት፣ ሽንታቸውን መቆጣጠራቸውንና አተነፋፈሳቸውን መዝግቡ። ሰዓቱንም ጻፉ። ነገ ለውጥ ቢመጣ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። ድምፃቸው ከተለወጠ ወይም ምራቃቸውን መዋጥ ካቃታቸው ከጉሮሮ ኋላ ደም እየቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ ማደንዘዣ ሐኪም በቶሎ ይጠራ።

ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? የሚወስዱ ከሆነ የጭንቅላት ሲቲ አብሮ ይነሳል። ሁለተኛው፣ ለምን ወደቁ? ተደናቅፈው ነው ወይስ ራሳቸውን ስተው? የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር መጠን፣ የስትሮክ ምልክት፣ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሁሉ ይታይ። አንገቱ ታክሞ የወደቁበት ምክንያት ካልተነካ ተመልሰው ይወድቃሉ።

ምስሉ

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የካናዳ የአንገት መመሪያ ዕድሜን ብቻውን በቂ ምክንያት ያደርገዋል። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አንገቱን ሊጎዳ በሚችል አደጋ ከመጣ ምስል ይነሳል። ሌላ ምልክት አይጠበቅም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ዕድሜ በእጅ መመርመር ብቻውን ያታልላል።

ምርጫው ሲቲ ስካን ነው። ከራስ ቅል ሥር ጀምሮ እስከ ደረት አከርካሪ መጀመሪያ ድረስ፣ በቀጭን ቁርጥ ይነሳ። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት መስቀል ቀድሞ ይውለቅ፤ ብረት ምስሉን ያበላሻል። ምስሉን ስታዩ በአግድም ቁርጡ ብቻ አትርኩ። የኦዶንቶይድ ሥር ስብራት ራሱ አግድም ስለሚሄድ በአግድም ቁርጥ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ከጎንና ከፊት የተቀነባበረውን ምስል የግድ ክፈቱ። አንድ ስብራት ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ። አትላስና አክሲስ አብረው መሰበራቸው የተለመደ ነው።

ሲቲ በሌለበት ሆስፒታል ከጎን፣ ከፊትና አፍ ተከፍቶ የሚነሳ ኤክስሬይ አለ። ነገር ግን የሳሳ አጥንት፣ የደረቀ አንገትና በደንብ የማይከፈት አፍ ስላለ ብዙ ስብራት ያመልጠዋል። ስብራት ካሳየ ይጠቅማል። ንጹሕ መስሎ ከታየ ግን አዛውንቱን ነፃ አያወጣም፤ አንገታቸው ተደግፎ ሲቲ ወዳለበት ይላኩ።

ኤምአርአይ ለሁሉም አያስፈልግም። እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ጅማት ተበጥሷል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ወይም ስብራቱ አዲስ ይሁን የቆየ ካልታወቀ ይነሳል። በአገራችን ሌላ ምክንያትም አለ። የአከርካሪ ቲቢ። ከመውደቃቸው በፊት ለሳምንታት አንገታቸውን ሲያማቸው ከነበረ፣ ማታ ማታ ካላባቸው፣ ከከሱ፣ ከአደጋው በፊት አጥንቱ ታሞ ሊሆን ይችላል። ቲቢና የተሰራጨ ካንሰር መታየት አለባቸው፤ ሕክምናቸው ሌላ ነውና።

ዓይነቱን መለየት

ሐኪሞቹ አንደርሰንና ዳሎንዞ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ክፍፍል እስካሁን ይሠራል። ዓይነት አንድ የኦዶንቶይድ ጫፍ ስብራት ነው፤ ብርቅ ነው። ዓይነት ሦስት ወደ አክሲስ ገላ የወረደ ስብራት ነው። እዚያ አጥንቱ ሰፊና ደም የሞላበት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በኮላር፣ ማለትም አንገትን ዙሪያውን አቅፎ በሚደግፍ ማሰሪያ፣ ይገጥማል።

ራስ የሚያሳምመው ዓይነት ሁለት ነው። ከሥሯ የተቀነጠሰችው። በአዛውንት ብዙ የሚታየውም ይኸው ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ አጥንቱ በእርጅና ሳስቷል፤ ለመግጠም ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይገጥምም። በተለይ የተሰበረው ክፍል ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንሸራተተ፣ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ወይም ከተፈረካከሰ የመግጠም ዕድሉ ይቀንሳል። ሪፖርት ስትጽፉ ስብራት አለ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ምን ያህል ተንሸራተተ፣ ወዴት አቅጣጫ፣ ስንት ዲግሪ ታጠፈ የሚለው ይጻፍ።

ኮላር ወይስ ቀዶ ጥገና?

እዚህ ላይ ዶክተሮችም ይከራከራሉ። እውነቱን ማወቅ የቤተሰቡ መብት ነው።

በመጀመሪያ የማይሆነውን ላንሳ። ራስ ቅል ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ከደረት ጋር በብረት የሚያያዝ ሃሎ የሚባል መሣሪያ አለ። ለወጣት ይሆናል። አዛውንት ላይ ግን የሳንባ ምችን፣ የመዋጥ ችግርንና መውደቅን ያበዛል። በእኔ እምነት ለእነሱ መመረጥ የለበትም።

ቀዶ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ በማጅራት በኩል ገብቶ አትላስንና አክሲስን በብሎንና በዘንግ ማያያዝ ነው። ጥሩ ያስራል። ዋጋውም አለ፤ አንገት ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ ለዘለቄታው ይቀራል። ብሎኑ በሚገባበት ቦታ አጠገብ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር ስለሚያልፍ ልምድ ያለው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል። ከፊት በኩል በአንድ ብሎን መያዝም ይቻላል፤ ግን የሳሳ አጥንት ብሎን አይዝም፣ ከዚያ በኋላም የመዋጥ ችግር ይበዛል።

የትኛው ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን አሜሪካ ዓይነት ሁለት ስብራት የደረሰባቸውን 159 አዛውንት የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። ከዓመት በኋላ ቀዶ ጥገና የተሠራላቸው የተሻለ ኑሮ ላይ ተገኙ። በኋላ በአውሮፓ የተሠራ ጥናት ግን በሁለቱ ወገኖች የኑሮ ሁኔታ ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በሁለቱም ጥናቶች ማን ይቀደድ የሚለው በዕጣ አልተወሰነም። ሐኪም ጠንካራውን መርጦ ከቀደደ፣ ጠንካራው ድሮም የተሻለ ይኖራል።

ስለዚህ ውሳኔው የሚጀምረው ከፊልሙ ሳይሆን ከሚከተለው ጥያቄ ነው፦ ከመውደቃቸው በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ብቻቸውን ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ልባቸውና ሳንባቸው ደህና የሆነ፣ ስብራታቸው ብዙ የተንሸራተተ ወይም በኮላር ውስጥ እየተንሸራተተ ያለ፣ እጅና እግራቸው የደከመ ከሆነ ቀዶ ጥገናው በቶሎ ይታሰብ። ከቤት የማይወጡ፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው፣ ልባቸው የደከመ ከሆነ ጠንካራ ኮላር ይበቃል። በጣም የደከሙት ላይ ለስላሳ ኮላር ማድረግ፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ አለማድረግ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት ሊወሰን ይችላል።

ኮላር የተመረጠላቸው ብዙ አዛውንት አጥንታቸው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ክፍተቱ በጠባሳ ይያዛል። የማያም፣ የማይንቀሳቀስ፣ ህብለ ሰረሰርን የማይነካ ከሆነ በዚህ ዕድሜ ይህ በቂ ውጤት ነው። «ፎቶው ላይ አልገጠመም» የሚለው ወሬ ብቻውን ቀዶ ጥገና ክፍል አያስገባም።

በኮላር መኖር

ብዙ አዛውንት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ኮላር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይደረጋል። ቤተሰቡ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉትን በእጁ ሠርቶ ያሳይ።

መነሳት። ሐኪሙ ከፈቀደ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ከአልጋ ይውረዱ። ተኝተው በዋሉ ቁጥር ሳንባ ይታፈናል፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል። ኮላር ያደረገ ሰው እግሩን ማየት እንደማይችል አትርሱ። ደረጃና ደፍ ላይ ክንዳቸውን ያዙ። ነጠላ ጫማ ይቅር፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። በርጩማ ላይ ማስቀመጥም አይመችም፤ መደገፊያና ክንድ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ። የሚሰግዱ ከሆነ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ለጊዜው ተቀምጠው ይጸልዩ።

መብላት። ኮላር አገጭን ወደ ላይ ስለሚያነሳ መዋጥ ይከብዳል፤ ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። ዝቅ ያለ ሞሰብ ውስጥ ያለውን ማየት አይችሉም፤ ሳህኑን ወደ ደረታቸው ከፍ አድርጉላቸው። ጉርሻ ከፍቅር ነው፤ አሁን ግን ትንሽ ይሁን፣ ያኛው ሳይዋጥ ሌላ አይጨመር። በውኃና በቀጭን ሾርባ ትን የሚላቸው ከሆነ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ሲበሉ ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው ጉሮሮ ውስጥ ውኃ እንዳለ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። በጾም ወቅትም አጥንት የሚጠግን ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ።

ቆዳ። ይህ በየቀኑ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ሐኪሙ እንዲከፈት ከፈቀደ አዛውንቱን በጀርባቸው አስተኙ። አንዱ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ይያዝ፤ እስከ መጨረሻው አይልቀቅ። ሌላው የፊተኛውን ክፍል ይክፈት። አገጭን፣ የመንጋጋ ጠርዝን፣ ከአንገት ሥር ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ይይ። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፣ በደንብ ያድርቅ፣ ንጹሕ ስፖንጅ ቀይሮ ይዝጋ። ከዚያ መላ አካላቸውን እኩል ወደ ጎን አዙራችሁ የኋላውን ክፍል ክፈቱ። ማጅራትና ከጆሮ ኋላ ያለው ቦታ ይታይ። ጣት ጫን ተደርጎ ሲነሳ የማይነጣ ቀይ ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ነው። ሹሩባ ከተሠሩ ይፈታ፤ የጉንጉኑ ጉብታ ቆዳውን ይበላዋል። ፀጉር ላይ ቅቤ አይደረግ። ጺም ካላቸው ይከርከም። ማተባቸው በኮላሩ ሥር የሚጫን ከሆነ አስፈቅዳችሁ እጃቸው ላይ እሰሩላቸው።

ሕመምና አእምሮ። ፓራሲታሞል በሰዓቱ ይሰጥ፤ ከ50 ኪሎ በታች ለሆኑ መጠኑ ይቀነሳል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳሉና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡ። ጠንካራ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፣ ያቃዣል። ሌሊት መቃዠት ከጀመሩና ኮላሩን ከነቀሉ እጃቸውን አትሰሩ። የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይደር፣ መነጽራቸውና ለመስማት የሚረዳቸው መሣሪያ ይደረግላቸው፣ ሽንታቸው እንዳልታገደ ይታይ።

እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ አዲስ የመራመድ ችግር ከመጣ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም ከታገደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ቀጠሮዎቹና ከዚያ በኋላ

ስብራቱ እንዳልተንሸራተተ ለማየት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ኤክስሬይ ይደገማል። በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት አካባቢም ይታያል። ኮላሩ ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ባለበት አንገታቸውን በራሳቸው አቅም ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረጉ ኤክስሬይ ሊነሱ ይችላሉ፤ ማንም አይገፋላቸውም። ካልተንቀሳቀሰ ኮላሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ፊዚዮቴራፒ ይጀመራል። አንገታቸው ለጥቂት ሳምንታት ቢዝልና ቢደርቅ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ የአጥንት መሳሳት ሕክምና ይጀመር። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አንገቱ ተይዞ ቀጣዩ ዳሌ ይሰበራል። የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲና የኩላሊት ምርመራ ይቅደም፤ የጎደለው ይሞላ። አሌንድሮኔት በሳምንት አንዴ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆየትን የሚጠይቅ ክኒን ነው። ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ስለዚህ ኮላር አድርገው መዋጥ የሚቸገሩ አዛውንት ኮላሩ እስኪወጣ ይቆዩ፤ ወይም ኩላሊታቸው ከፈቀደ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ይታሰብላቸው።